የባለአክሲዮኗ የሕመም ፈቃድ

ኦብዱሊያ ሪኮ ዕድሜዋን ሙሉ የአሻንጉሊት ፀጉር ስትሰፋ ኖራ በመጨረሻ የራሷን ፀጉር ማበጠር አቃታት። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ባሏ ሳልባዶር ከኋላዋ ቆሞ ያበጥርላታል። ሳልባዶር ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እጁ መሪ እንጂ ማበጠሪያ ይዞ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ግንባሯ እስኪወጠር ያስረዋል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ገና ከበር ሳትወጣ ይፈታል።

«አመመሽ?» ይላታል።

«አላመመኝም።»

«እጅሽን ነው የምልሽ።»

«እሱም አላመመኝም።»

ውሸቷን ነው። ከእንቅልፏ ስትነሳ ሦስቱ ጣቶቿ የሌላ ሰው ይመስል አይሰሟትም፤ ሲሰሟት ደግሞ ባልተሰሙኝ ያሰኟታል። ብርጭቆ ስታነሳ ያመልጣታል። ባለፈው ዓመት የአማቷን የሸክላ ሳህን ሰብራ «ድመቷ ናት» አለች። ድመት የላቸውም። ሳልባዶር ስብርባሪውን ጠራርጎ፣ ድመቷን ከቤት እንደሚያባርራት ዝቶ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ደግነቱ ራሱ ያደክማታል።

የሚኖሩባት የስፔን ከተማ ኦኒል የአሻንጉሊት ከተማ ናት። ኦብዱሊያ ልጅ ሳለች በየቤቱ ደጃፍ ላይ ሴቶች ተቀምጠው ለፋብሪካ የአሻንጉሊት ቀሚስ ይሰፉ ነበር። እሷም አሥራ አምስት ሳይሞላት ፋብሪካ ገባች። ሥራዋ ለስላሳውን የአሻንጉሊት ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ፣ ከሚሮጠው መርፌ ሥር እያዞረች ፀጉር መትከል ነው። ጭንቅላቱን የሚያዞረው ማሽኑ አይደለም፣ የእጅ አንጓ ነው። ከግንባር ወደ ማጅራት፣ ከማጅራት ወደ ጆሮ፣ ከዚያ ሌላ ጭንቅላት። ሥራዋን ስትወደው ኖራለች፤ አሁን ግን መውደዷንም መጥላቷንም ለማሰብ ጉልበት የላትም።

ፋብሪካው የከሰረ ጊዜ ባለቤቱ ሠራተኞቹን በሙሉ ሰብስቦ አለቀሰ። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ የበላባቸው ደሞዝም የእውነት ነበር። እሱ እንባውን ጠርጎ ሄደ፣ ማሽኖቹ ሐራጅ ሊወጡ ታሸጉ። ያኔ ነው ዶን ባውቲስታ የመጣው። ዶን ባውቲስታ የከተማው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ሰው ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ሲሞትና ግብር ሲከፍል ወረቀቱን የሚጨርስ እሱ ነው። አሥራ አንዱን ሠራተኞች አንድ ቡና ቤት ሰበሰባቸውና ነገሩን ዘረገፈላቸው።

«መንግሥት የሥራ አጥ ድጎማችሁን በየወሩ እየቆነጠረ ሊሰጣችሁ ነው። እምቢ በሉት። አንድ ላይ ስጠን በሉት። በዚያ ገንዘብ ማሽኖቹን ገዝታችሁ የራሳችሁን ኩባንያ ክፈቱ። ሁላችሁም እኩል ባለአክሲዮን፣ ሁላችሁም ሠራተኛ።»

«ግብሩስ?» አለ ኤሊሴዮ። ኤሊሴዮ የምድጃው ሰው ነው፤ የሚናገረው ጥቂት፣ የሚጠረጥረው ብዙ።

«ግብር ቤቱ ከዚህ ገንዘብ ላይ ሳንቲም አይነካም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። አምስት ዓመት አክሲዮናችሁን እንደያዛችሁ እዚያው ሥራችሁ ላይ እንድትቆዩ። ከዚያ በፊት ጥሎ የወጣ ሰው ካለ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ዓመት እንደበላው ደሞዝ ቆጥሮ ግብሩን ከነወለዱ ይጠይቀዋል።»

«ገንዘቡ ማሽን ሆኖ ተቀምጦ?»

«ማሽን ሆኖም። ግብር ቤት ማሽን አይበላም፣ ብር ነው የሚበላው።»

«አምስት ዓመት ምን አላት» አለች ኦብዱሊያ። ያኔ ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነበር፣ እጇም የራሷ ነበር። ለኩባንያው «ላ ኑዌስትራ» ብለው ስም አወጡለት፣ «የኛ» እንደማለት። የዚያን ቀን ኤሊሴዮ ሳይቀር ጨፍሯል።

እንግዲህ የኛ የሚባል ነገር እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቀው የገባበት ነው። በድሮው ባለቤት ጊዜ ጥርሱን ያመመው ሁሉ ፈቃድ ይወስድ ነበር። አክስቷ የሞተባት ሴት ያቺኑ አክስት በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀብራታለች። ከአለቃ ላይ አንድ ቀን መስረቅ እንደ ጽድቅ ነበር የሚቆጠረው። ባለአክሲዮን ሲሆኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የቀረ ሰው የሚቀረው በማን ላይ ነው? በታናሿ ባለአክሲዮን በኔውስ ላይ፣ በኤሊሴዮ ላይ፣ ድጎማቸውን ከሱ ጋር አንድ ድስት ውስጥ በጨመሩት ላይ። በመጀመሪያው ዓመት የገና ግብዣ ላይ ኤሊሴዮ ብርጭቆውን አንስቶ «ዓመቱን ሙሉ አንድም ሰው፣ አንድም ቀን የሕመም ፈቃድ አልወጣም» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ዶን ባውቲስታ አጨበጨበ። ኦብዱሊያም እጇ እስኪግል አጨበጨበች። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጽፈው ሕግ ሆነ። ትኩሳት ያለበት ሰው መሐረብ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይመጣል፣ «ምን ሆነሃል?» ሲሉት «ብርድ ነው» ይላል፣ በስፔን የሐምሌ ሐሩር።

ሌላም ነገር መጣ። ሁሉም ባለቤት ስለሆነ ማንም ማንንም መቆጣት አይችልም። ሊቀመንበር በየዓመቱ ይመረጣል፤ መመረጥ የሚፈልግ ስለሌለ በምርጫው ቀን የቀረ ሰው ይመረጣል። ዘንድሮ ኔውስ ናት። ልጇን ትምህርት ቤት ልታደርስ ሄዳ ስትመለስ ራሷን ሊቀመንበር ሆና አገኘችው። ኔውስ የአሻንጉሊቶቹን ቅንድብና ከንፈር የምትቀባዋ ናት፣ ከሁሉም በዕድሜ ታንሳለች፤ እንኳን ልትቆጣ ሰላምታ ስትሰጥም ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች።

መቆጣት ቢቻል ኖሮ ኦብዱሊያ የምትቆጣው ኤሊሴዮን ነበር። ኤሊሴዮ ከጋለው የብረት ቅርጽ ውስጥ ጭንቅላቶቹን በጉጠት እየጎተተ ያወጣል። ገና ትኩስ ሳሉ ካልተጎተቱ አይወጡም፤ እንደ ማሰሪያ ላስቲክ እየተለጠጡ ነው የሚወጡት። ሥራው ከባድ መሆኑን ታውቃለች። ግን ይህ ሰው ከሁለት ዓመት ወዲህ በየሰዓቱ ምድጃውን ትቶ መጋዘን ይገባል፣ በሩን ከውስጥ ይዘጋል፣ ቆይቶ ይወጣል። አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ ስታይ ካርቶኖቹ መሐል መሬት ላይ ተጋድሟል። ተኝቷል! እሷ እዚህ ጣቷ እየሞተ ትሰፋለች፣ ባለአክሲዮኑ እዚያ ይተኛል። ይህን ነገር ለሳልባዶር ስንት ጊዜ እንደነገረችው አይታወቅም። ሳልባዶር «ለምን አትነግሪውም?» ሲላት «ምን ሆኜ? አለቃው ነኝ?» ትላለች።

በመከር መጀመሪያ ከማድሪድ ትልቅ ትዕዛዝ መጣ። በስፔን በገና ሰሞን አንድ ሌሊት ለልጆች ስጦታ የሚያመጡት ሰብአ ሰገል ናቸው፤ ስለዚህ አሻንጉሊት ሠሪ ዓመቱን የሚኖረው ለዚያች አንድ ሌሊት ነው። ትዕዛዙን ያመጣው ሱቅ ከወደደው በሚቀጥለውም ዓመት ይመጣል፣ ካልወደደው ላ ኑዌስትራ ከነማሽኗ ሐራጅ ልትመለስ ትችላለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። በዚያው ሳምንት ኦብዱሊያ ጭንቅላት ስታዞር ጣቷ አልታዘዛት ብሎ መርፌው ጥፍሯን ዘልቆ ገባ። አልጮኸችም። ያስደነገጣት መርፌው አይደለም፤ መውጋቱን ያወቀችው ደሙን አይታ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ዶን ባውቲስታ ቢሮ ሄደች።

«ልውጣ ነው ያሰብኩት፣ ዶን ባውቲስታ። አክሲዮኔን ልሽጥና ልውጣ።»

«ማን ይገዛልሻል? እነሱ ናቸው መግዛት ያለባቸው፣ እነሱ ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ የሚጮኸው ቁልፍ ብቻ ነው።» መነጽሩን አወለቀ። «አምስት ዓመቱ የሚሞላው የካቲት ላይ ነው። አሁን ከወጣሽ ግብር ቤቱ እንደ ንብ ነው የሚወርድብሽ። ምን ነካሽ? የቀሩት የብርድ ወራት ብቻ ናቸው።»

እጇን አሳየችው። ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እንድታጥፋቸው ብታዛቸው ሁለቱ ብቻ ታጠፉ።

«ታዲያ የሕመም ፈቃድ ውሰጂ እንጂ! ታምመሽ ቤትሽ ብትቀመጪም ባለአክሲዮን ነሽ፣ ከሥራ አልወጣሽም። ጊዜው ይቆጠርልሻል። የካቲት አልፎ፣ እጅሽ አርፎ፣ ከዚያ የወደድሽውን ታደርጊያለሽ። ይህን ለመንገር ወረቀት ማገላበጥም አያስፈልገኝ።»

«እሱን አልችልም።»

«ለምን?»

«ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

«አሞኛል ብለሽ ነዋ።»

«ማንን?»

ዶን ባውቲስታ መነጽሩን መልሶ አደረገና ወረቀቶቹን ማስተካከል ጀመረ። እሱም የገና ግብዣው ላይ አጨብጭቦ ነበርና።

ያም ሆኖ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ የወሰዳት ሳልባዶር ነው፣ ክንዷን ይዞ፣ እንደምታመልጠው ሁሉ። ሐኪሟ ከሌላ አገር በቅርብ የመጣች ወጣት ሴት ናት። የእጇን አንጓ ጫን ስታደርገው ኦብዱሊያ ከወንበሯ ተነሳች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል። ሦስት።»

«እስካሁን ለምን አልመጡም? አሠሪዎ ፈቃድ አይሰጥዎትም?»

«አሠሪ የለኝም» አለች ኦብዱሊያ። «ባለአክሲዮን ነኝ።» ይህን ስትል ድሮ ደረቷ ይነፋ ነበር።

ሐኪሟ ነርቮቹ አንጓው ላይ ታንቀው እንደቆዩ፣ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ፣ ከዚህ በላይ ከቆየ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውም የማይመልሰው እንዳለ ሳትሸፋፍን ነገረቻት። የሕመም ፈቃዱን ጽፋ፣ አንዱን ቅጂ ለመሥሪያ ቤት እንድታስገባ ሰጠቻት። ኦብዱሊያ ወረቀቱን አጥፋ የሥራ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ወደ ሥራ ሄደች። በማግስቱም።

«ሰጠሻቸው?» ይላታል ሳልባዶር ከኋላዋ፣ ማበጠሪያውን እንደያዘ።

«ዛሬ እሰጣለሁ።»

«ትናንትም ዛሬ ነበር ያልሽው።»

«አንተ ፀጉሬን እሰር።»

አሰረላት። የዚያን ቀን በጣም አጠበቀው፣ ተናዶ ነበር።

በላ ኑዌስትራ ትልቁ ነገር የሚወሰነው በስብሰባ አይደለም፣ በረፋድ ቁርስ ላይ ነው። ማሽኖቹ ሁሉ ይቆማሉ፣ የማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ይነጠፋል፣ ሁሉም ከቤቱ ያመጣውን ዳቦ ያወጣል፤ በድንች የተጠበሰ እንቁላል፣ ወይራ፣ ለውዝ፣ በውኃ የቀጠነ ወይን። እዚያ ላይ ያልተነሳ ነገር የትም አይነሳም። ኔውስ ሳትጠየቅ የኦብዱሊያን ዳቦ ሁለት ላይ ቆረጠችላት። ኦብዱሊያ ከመቼ ጀምሮ ኔውስ ዳቦዋን እንደምትቆርጥላት ለማስታወስ ሞከረችና አቃታት። ልጅቷ ታውቃለች ማለት ነው። አውቃ ዝም ብላለች ማለት ነው።

የኤሊሴዮ ቦታ ባዶ ነበር። ቁርሱ ሊጋመስ ሲል የመጋዘኑ በር ተከፈተና መጣ፤ ጀርባው ላይ የካርቶን ብናኝ እንደተለጠፈበት።

ኦብዱሊያ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ሳልባዶር ያጠበቀው ፀጉር ይሁን፣ ኪሷ ያለው ወረቀት ይሁን፣ አላወቀችውም።

«እንቅልፍ ጠገብክ?»

ከኩባንያው ምሥረታ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወድቆ አያውቅም።

«ምን አልሽ?» አለ ኤሊሴዮ።

«የሰማኸውን። ሁለት ዓመት አፌን ይዤ ኖርኩ። እኛ እዚህ ዓይናችን እስኪጠፋ እንሠራለን፣ አንተ ካርቶን አንጥፈህ ትተኛለህ። በስንጥቁ አይቼሃለሁ። በድሮው ሰውዬ ጊዜ እንኳ እንዲህ አታደርግም ነበር።»

ኤሊሴዮ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የተቆጣ አይመስልም፣ የደከመው ይመስላል።

«አዎ፣ እተኛለሁ» አለ። «ትከሻዬ ይወልቃል። ጉጠቱን ስስበው ከቦታው ይወጣል። መሬት ላይ ተጋድሜ በዚህኛው እጄ ካልጎተትኩት አይመለስም። ከተመለሰ በኋላም ትንሽ ካላረፈ መልሶ ይወጣል። ገባሽ? እንቅልፍስ ደስ ባለኝ።»

ኦብዱሊያ ፊቷ ጋለ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየምሽቱ፣ ሳልባዶር ጆሮ ላይ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለች፣ ድምጿ ወርዶ።

«ለማን? ገና ግብዣ ላይ ብርጭቆ ያነሳሁት ማነው? እኔ አይደለሁም?» ከወይኑ ጎንጨት አለ። «አንቺስ? ዳቦሽን እየቆረጠችልሽ እኮ ነው።»

ወረቀቱን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ጋዜጣው ላይ፣ ከወይራው አጠገብ አስቀመጠችው። ዘይት ነካው። ኔውስ አንስታ አነበበች፣ ፊቷም ተለዋወጠ።

«እትዬ ኦብዱሊያ፣ ይሄ ከሰኞ ጀምሮ ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲቀር ሥራው ለሌሎቹ የሚከፋፈለው በድምፅ ነው፤ ይህን ደንብ ራሳቸው ናቸው ያወጡት፣ እስከዚያ ቀን ግን ተጠቅመውበት አያውቁም። ኔውስ ቆማ፣ አንዴ ይቅርታ ጠይቃ፣ የኦብዱሊያ ሥራ ለሌሎች እንዲከፋፈል፣ የማድሪዱም ትዕዛዝ የሚደርሰውን ያህል እንዲደርስ የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቀች።

እጆቹ ወጡ። ኦብዱሊያ አንድ በአንድ አየቻቸው። አብዛኛው እጅ ከትከሻ በላይ አልሄደም። የልብስ ሰፊዋ እጅ ጆሮዋ ጋ ደርሶ ቆመ። የማሸጊያው ሰውዬ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ መዳፉን ብቻ አነሳ። ኤሊሴዮ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ወደ ላይ ገፋው። ኔውስ ራሷ፣ የሁሉም ታናሽ፣ ቅንድብ የምትቀባበት እጇ ገና አየር ላይ ሳለ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኦብዱሊያ ያየችውን ሌሎቹም እየዞሩ አዩት። ማንም እጁን ለማውረድ አልቸኮለም፤ ያወጣው ሁሉ ለማውረድም ያመዋል።

«የሚቃወም?» አለች ኔውስ ቀስ ብላ።

«ለመቃወምማ እንደገና እጅ ማውጣት ሊኖር ነው» አለ ኤሊሴዮ። «ተዉት ይቅር።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ኦብዱሊያ አልሳቀችም። የፈለገችው ፈቃድ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ተነስታ ቤቷ ብትሄድ የሚከለክላት የለም፣ የካቲትም ራሱን ችሎ ይመጣል። ደስ ሊላት ሲገባ ልቧ ከበደ። እሷ ስትሄድ ፀጉሩን የሚሰፋው ያ ጆሮ ጋ ደርሶ የቆመው የልብስ ሰፊዋ እጅ ነው።

«ብቻዬን አልሄድም» አለች። «ነገ ማሽኖቹን አንከፍትም። ሁላችንም ሐኪም ዘንድ እንታያለን። ማድሪድ የሚለውን ይበል።»

ማንም አልተከራከራትም። ይህም ከድካም ነው።

በማግስቱ አሻንጉሊቶቹን በሚያደርሰው መኪና ታጭቀው ጤና ጣቢያ ሄዱ። መተላለፊያው ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር በተርታ ተቀመጡ። ኦብዱሊያ ተራ ቁጥሯን አስቀድማ ስለያዘች መጀመሪያ ገባች፤ ኤሊሴዮና ኔውስም ቦታ ስለጠበበ ተከትለዋት በር ላይ ቆሙ። ሳልባዶር ጠዋት ተጣድፎ ያሰረው ፀጉር ተፈትቶ አንገቷ ላይ ወርዷል፣ መልሳ ልታስረው አልሞከረችም። ሐኪሟ በተከፈተው በር አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ክርኑን በመዳፉ የደገፈውን፣ እጁን ጭኑ መሐል የደበቀውን፣ ሁሉንም።

«ሁላችሁም የአንድ ፋብሪካ ሰዎች ናችሁ?»

«አዎ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስትናገር ድምጿ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ለነሱ የተቆረቆረ፣ የእውነት ቁጣ።

«እዚህ እስክትደርሱ ድረስ ዝም ብሎ ያያችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት የነፈጋችሁ ሰው ማነው? አለቃችሁ ማነው? ስሙን ንገሩኝ፣ እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ።»

ኤሊሴዮ ወለሉን አየ። ኔውስ ኤሊሴዮን አየች። ኦብዱሊያ ያ አልቅሶ የሄደው የድሮ ባለቤት ትዝ አላት፣ ከሄደ ጀምሮም ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቃት። እሱ ቢኖር ስሙን ጠርታ፣ ሰድባው፣ ትንሽ ቀለል ይላት ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አለች።